«እምቢ የምትዪው እኔን ሳይሆን እግዚአብሔርን ነው» አለኝ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ያደግሁት በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መዘምራን ውስጥም ሰባት ዓመት አገልግያለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን አንድ ወጣት ወንጌላዊ አለ። ትጉህ ነው፣ ጾመኛ ነው፣ ሰው ሁሉ ያከብረዋል። በመጪው ዓመት ለወንጌል ሥራ ወደ ገጠር ሊወጣ ነው። ከሁለት ወር በፊት ከአገልግሎት በኋላ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «ሦስት ቀን ጾሜ ስጸልይ ጌታ አንቺን አሳየኝ፤ ሚስቴ ነሽ፤ አብረሽኝ ትወጫለሽ» አለኝ። እወድሻለሁ አላለኝም። እኔም ደንግጬ «ልጸልይበት» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ «ጌታ ምን አለሽ?» ይለኛል። ባለፈው «እስካሁን ምንም አልሰማሁም» ስለው ፊቱ ጠቆረና፣ «እምቢ የምትዪው እኔን ሳይሆን እግዚአብሔርን መሆኑን እንዳትረሺ» አለኝ።

ያስደነገጠኝ ምን መሰለዎት? ይህንኑ ቃል ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ። ኮሌጅ ሳለሁ በተማርነው «ጄን ኤር» በሚባል የእንግሊዝ ልቦለድ ውስጥ አለ። ቤት ገብቼ ገጹን ፈልጌ አገኘሁት። ከዚያ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኩት፤ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቅሼ የጸለይኩትም ያኔ ነው። እሱ ግን እናቴን ሊጠይቅ ቤት መጥቶ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ሲያየው፣ «ልብሽን ያደነደነው ይሄ የዓለም ልቦለድ ነው፤ አስወግጂው» አለኝ። እናቴ ደግሞ ደስታዋ ወደር የለውም። «የጌታን ሰው እምቢ ብለሽ ማንን ልታገቢ ነው?» ትለኛለች።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። እምቢ ብለው በእውነት እግዚአብሔርን እምቢ ማለቴ ነው? ደግሞስ ከስብከት ይልቅ ልቦለድ ልቤን መንካቱ መንፈሳዊ ሕይወቴ መውደቁን ያሳያል?

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ ካነበብኩ በኋላ ተነስቼ «ጄን ኤር»ን ከመደርደሪያዬ አወረድኩ። ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር የተለጠፈ አሮጌ ቅጂ ነው። ምዕራፍ 34ን ገለጥኩ። እውነትሽን ነው፤ ሴንት ጆን ሪቨርስ ጄንን ያላት ይህንኑ ነው። ወንጌላዊው መጽሐፉን አንብቦት ነው ብዬ አልጠረጥርም። የሚገርመኝ፣ ይህ አነጋገር ማንም ከማንም ሳይኮርጀው በየአገሩና በየዘመኑ መወለዱ ነው።

መጽሐፉን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልበል። ሻርሎት ብሮንቴ በእንግሊዝ ዮርክሺር ሀወርዝ በምትባል መንደር የሚያገለግል ቄስ ልጅ ነበረች። «ጄን ኤር» የታተመው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። ጄን ወላጆቿን በሕፃንነቷ ያጣች፣ በክፉ ዘመዶችና በብርዳም አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ናት። በአስተማሪነት በተቀጠረችበት ቤት ጌታውን ሚስተር ሮቼስተርን ትወዳለች፤ በሠርጋቸው ቀን ግን በሕይወት ያለች ሚስት እንዳለችው ይጋለጣል። ለምኗት፣ አልቅሶባት፣ ትታው ትሄዳለች። በረሃብ ልትሞት ስትል የሚያስጠጓት ሴንት ጆን የተባለ ወጣት ቄስና ሁለት እህቶቹ ናቸው፤ በኋላ የአክስቷ ልጆች ሆነው ይገኛሉ። ሴንት ጆን ወደ ህንድ ለወንጌል ሥራ ሊሄድ ነው፤ ሚስት ሆና እንድትከተለው ይጠይቃታል።

አንቺ ይህን ሁሉ ታውቂዋለሽ። ግን ስለ ሴንት ጆን አንድ ነገር አብረን እንድናስተውል እፈልጋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ደራሲዋ በዚህ አልቀለደችም። ድሆችን ለመጠየቅ ዝናብና ነፋስ አይመልሰውም፤ ለራሱም አያዝንም። የሚወዳት ሌላ ቆንጆ ልጅ አለች፤ ለሚስዮናዊ ሚስትነት አትሆንም ብሎ ልቡን ረግጦ ይተዋታል። ጄንን ግን አይወዳትም፤ ይህንንም አይደብቃትም። «አንቺ ለሥራ እንጂ ለፍቅር አልተፈጠርሽም» ይላታል። የምፈልግሽ ለራሴ ደስታ ሳይሆን ለጌታዬ አገልግሎት ነው ይላታል። ከጥያቄውም በፊት ገና ምክንያቱን ሳይነግራት የጀመረችውን ጀርመንኛ አስትቶ ሂንዱስታኒ የሚባለውን የህንድ ቋንቋ እንድታጠና ያደርጋታል። እንዴት እንደምትታዘዝ እየለካ ነበር።

እኔን ሁልጊዜ የሚቆረቁረኝ ግን የማታው ጸሎት ነው። እምቢ ካለችው በኋላ አንድ ማታ ለቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ የመረጠው የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21ን ነው። ድምፁ ያምራል፤ ስለ አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር ያነባል፤ ከዚያ «የሚፈሩና የማያምኑ» ዕድላቸው በእሳት ባሕር ነው የሚለው ላይ ይደርሳል። ጄን በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚያስብላት ይገባታል። ስሟ አልተጠራም፤ ጥቅሱም አንድ ፊደል አልተዛባም። ግን ቃሉ ወደ አንዲት ሴት አንገት ዞሯል። አንቺስ? ከሁለት ወር ወዲህ መድረክ ላይ ሲቆም የሚመርጣቸው ጥቅሶች ወደ አንቺ የሚመጡ መስሎሽ ያውቃል? ላይሆን ይችላል፤ ከሆነ ግን ለራስሽ እመኚ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ። ጄን የሰጠችውን መልስ ልብ በይው። አልሄድም አላለችም! «እህትህ ሆኜ ህንድ ድረስ እከተልሃለሁ፤ ሚስትህ ግን አልሆንም» ነው ያለችው። እሱ «ሚስቴ ካልሆንሽ አይሆንም» አለ። የእግዚአብሔር ሥራና የሴንት ጆን እጅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የታየው በዚህ ነው። ያያዛቸው እሱ ነው። አንቺም ብትለያያቸው ምን ታያለሽ? ወንጌላዊው ባይኖርበት ኖሮ የገጠሩ አገልግሎት ራሱ ይጠራሽ ነበር? ደግሞ ገልብጪው፤ ጾሙም ራእዩም ሳይነሳ፣ እንደ ማንኛውም ወንድ «ወድጄሻለሁ፣ ላግባሽ» ቢልሽ ኖሮ ምን ትይው ነበር? ይህን ስትጠየቂ መጀመሪያ ደረትሽ ውስጥ የመጣውን መልስ ጻፊው። ሳታስተካክዪው።

እዚህ ላይ ወንጌላዊው ብልህ ከሆነ የሚጠይቅሽን እኔው ልጠይቅሽ። ጄን ራሷ በመጨረሻ ድምፅ ሰማሁ ብላ አይደለም ወይ የሄደችው? አዎ። ሴንት ጆን እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ልትሸነፍለት ጥቂት ሲቀራት፣ «መንገዱን አሳየኝ» ብላ ወደ ሰማይ ትለምናለች፤ ያኔ ከሩቅ የሮቼስተር ድምፅ ስሟን ሦስት ጊዜ ሲጠራ ትሰማለች። ታዲያ የእሱ «ጌታ አሳየኝ» ስህተት ሆኖ የእሷ «ሰማሁ» እንዴት ትክክል ይሆናል?

ልዩነቱ እሷ ከሰማችው በኋላ ባደረገችው ላይ ነው። በቅድሚያ ክፍሏን ቆልፋ ትንበረከካለች፤ በራሷ መንገድ፣ ከሴንት ጆን በተለየ መንገድ እንደጸለየች ትነግረናለች። ከዚያ 36 ሰዓት በሠረገላ ተጉዛ እውነቱን ልታጣራ ትሄዳለች። ቤቱ ተቃጥሎ ፍርስራሽ ሆኖ ታገኘዋለች፤ የሆነውንም ሰው ጠይቃ ትሰማለች። የሮቼስተር ሚስት መሞቷን ያወቀችው ያኔ ነው። በመጨረሻም ሮቼስተር፣ አሁን ዓይነ ስውር ሆኖ፣ በዚያችው ሌሊት ስሟን ሦስት ጊዜ እንደጮኸ ሲነግራት እሷ የሰማችውን አትነግረውም! እነዚህን ነገሮች በልቤ ያዝኳቸው፣ አሰላሰልኳቸውም ትላለች። ይህ የማን ቃል እንደሆነ አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም፤ ሉቃስ ምዕራፍ 2 ላይ ስለ እመቤታችን ማርያም የተጻፈው ነው። ጄን ድምፁን ማንንም ለማስገደድ አልተጠቀመችበትም። የመራውም የራሷን እግር ብቻ ነው።

ወንጌሉ ላይም እንዲሁ ነው። መልአኩ ለዮሴፍ ብቻ ታይቶ «ሂድና ለማርያም ንገራት» አላለም። ወደ እርሷ ራሷ መጣ፤ ጠየቀች፤ መልስ ተሰጣት፤ «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» ያለችው ከዚያ በኋላ ነው። ለዮሴፍም ለብቻው በሕልም ተነገረው። ስለዚህ ወንጌላዊው ውሸታም ነው እያልኩሽ አይደለም። ምናልባት በጸሎቱ ላይ ስምሽ በእውነት መጥቶለት ይሆናል፤ ሰው የሚወደው ስም በጸሎቱ ላይ መምጣቱ ምን ይገርማል? እንዲያውም አፍሮ ያልነገረሽ ፍቅር ራእይ ለብሶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ግን ለእሱ የታየው ለእሱ ነው። ያንቺ እምነት በእሱ በኩል የሚያልፍ መንገድ የለውም።

ብሮንቴ የሴንት ጆንን ጥያቄ ከአየር አላመጣችውም። እ.ኤ.አ. በ1839፣ ገና የ22 ዓመት ልጅ ሳለች፣ የቅርብ ጓደኛዋ ወንድም የሆነ ሄንሪ ነሲ የሚባል ወጣት ቄስ በደብዳቤ ለጋብቻ ጠይቋት ነበር። በትሕትና እምቢ አለችው፤ ለጓደኛዋም ልሞትለት የሚያስፈቅደኝ ዓይነት ጽኑ ፍቅር የለኝም ብላ ጻፈች። የቄስ ልጅ ናት፣ ድሃ ናት፣ የተሻለ ሰው ይመጣል የሚል ዋስትና አልነበራትም። ቄስ ንቃም አይደለም፤ በ1854 ያገባችው የአባቷን ረዳት ቄስ አርተር ቤል ኒኮልስን ነው፤ እሱንም መጀመሪያ እምቢ ብላው ነበር። የእሱ ፍቅር ግን ሰው ፊት የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት ነበር። (እናትሽ ለምትጠይቅሽ «ማንን ልታገቢ ነው?» ይህ መልስ ይሆናል አልልሽም። ደስ ስለሚለኝ ነው የጨመርኩት።)

ስለ መጠበቅ ደግሞ ከሌላ መጽሐፍ አንድ ሰው ላሳይሽ፤ በእንግሊዛዊቷ ደራሲ በጆርጅ ኤልየት «አዳም ቢድ» (1859) ውስጥ ያለውን አናጢ አዳምን። የሚወዳት ዳይና ሞሪስ የሜቶዲስት ሰባኪ ናት። እሷም ትወደዋለች፤ ግን ጋብቻው ከተጠራችበት ሥራ እንዳያወጣት ትፈራለች። «ልሂድና በጸሎት ልጠብቅ» ትለዋለች። አዳም «ጌታ ምን አለሽ?» እያለ በየሳምንቱ አልነዘነዛትም። ለቀቃት። ሳምንታት ካለፉ በኋላ መንደሯ አጠገብ ካለ ኮረብታ ላይ ቆሞ ከስብከት ስትመለስ ይጠብቃታል፤ መልሱን ከራሷ አፍ ይሰማል። መልሷ «አዎ» ሆነ፤ «አይ» ብትልም ግን ያው አዳም ይሆን ነበር። አንቺም ስለ ወንጌላዊው ማወቅ ያለብሽ ይህንን ይመስለኛል፤ መጠበቅ ይችላል ወይ?

ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ልቦለዱ። መጀመሪያ ይህ ክስ አዲስ እንዳልሆነ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1848 ኤሊዛቤት ሪግቢ የተባለች ሃያሲ «ጄን ኤር»ን ፀረ ክርስትና ድርሰት ብላዋለች። ብሮንቴም ከዚያ በፊት ለወቀሷት ሌሎች በሁለተኛው እትም መቅድም ላይ መልሳ ነበር፤ ከፈሪሳዊው ፊት ጭንብሉን መግፈፍ በእሾህ አክሊሉ ላይ እጅ ማንሳት አይደለም ብላ። መጽሐፉ ግን የሚያልቀው በምንድን ነው? በሴንት ጆን የመጨረሻ ደብዳቤ! ህንድ ውስጥ ሊሞት ተቃርቧል፤ ጄን እያለቀሰች ታከብረዋለች፤ ጆን ባንያን ከጻፈው የመንገደኛው ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ መንገደኞችን ከሚጠብቀው ጀግና ጋር ታመሳስለዋለች። የመጽሐፉ የመጨረሻ ቃል «አሜን፥ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፥ ና» የሚለው ነው። እምቢ ያለችውን ሰው መዝጊያው ላይ እንዲህ አክብራ የምታስቀምጥ መጽሐፍ ልብ ታደነድናለች ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ደግሞም የጄን እምነት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በልጅነቷ ብሮክልኸርስት የሚባለው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ «ሲኦል እንዳትገቢ ምን ማድረግ አለብሽ?» ሲላት «ጤንነቴን ጠብቄ አለመሞት» ብላ ያሳቀችን ልጅ ናት። ፍቅርን ያየችው በሰባኪው ሳይሆን በጓደኛዋ በሄለን በርንስ ነው፤ ሄለን በሳንባ ነቀርሳ የሞተችው ሌሊት ጄን አንገቷን አቅፋ ተኝታ ነበር። አድጋ ሮቼስተርን ስትወድ ደግሞ ፍጡሩ ፈጣሪውን ጋርዶባት፣ ጣዖት እንዳደረገችው ራሷ ትመሰክራለች። ስለዚህ መጽሐፉ ፍቅርንም ዝም ብሎ አያሞግስም። ከዚያ ትታው ወጥታ፣ ያለችውን 20 ሺሊንግ ለሠረገላ ከፍላ፣ ጥቅሏንም እዚያው ረስታ፣ ሜዳ ላይ ታድራለች። ሌሊት ነቅታ ከዋክብቱን አይታ ስትንበረከክ የጸለየችው ለራሷ ሳይሆን ለሮቼስተር ነው።

ያለቀስሽው የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ አልነገርሽኝም። ልጠይቅሽ የፈለግሁት ዋናው ነገር ይህ ነው። የሄለን አልጋ አጠገብ ከሆነ ምናልባት እምነትን በለሆሳስ የሚያካፍልሽ ጓደኛ ናፍቆሻል፤ ሰባት ዓመት መዘምራን ውስጥ ቆይቶም ይህ ሊናፍቅ ይችላል። ሜዳው ላይ ከሆነ ብቻሽን መቆም ፈርተሻል። ሴንት ጆን ራእይን ሲያነብ ከሆነ ደግሞ ቁጣም ይኖርብሻል። ወራት ሙሉ ያልመጣ እንባና ጸሎት በአንድ መጽሐፍ በኩል ከመጣ እኔ ውድቀት አልለውም። ዳዊትም ኃጢአቱን ያየው ነቢዩ ናታን ስለ አንድ ድሃ ሰው በግ ታሪክ ሲነግረው ነው። ብቻ አደራ፣ ልቦለዱንም ነቢይ አታድርጊው። ጄን እምቢ ስላለች እምቢ አትበዪ፤ የእሱን ራእይ ጥለሽ የብሮንቴን ራእይ ብታነሺ ምን ተለወጠ?

ምን ታደርጊ መሰለሽ? መጀመሪያ ሳምንታዊውን ጥያቄ አስቁሚ። ጊዜ የሚያስፈልግሽ ከሆነ፣ «እስከዚህ ቀን ድረስ አትጠይቀኝ፤ በዚያን ቀን እኔው እነግርሃለሁ» ብለሽ ቀን ቁረጪለት። መልሱን አሁንም የምታውቂው ከሆነ ግን፣ ደብዳቤሽ የምታውቂው ያስመስላል፣ አታቆዪው፤ ማቆየት እሱንም ይጎዳዋል። በስልክ መልእክት አይሁን። ሰው በሚያያችሁ፣ ግን በማይሰማችሁ ቦታ አግኝተሽ፣ «ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ። ጸልዬበታለሁ። አላገባህም። ይህ የራሴ መልስ ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት የምጠየቅበትም እኔ ነኝ» በዪው። ምክንያት አትደርድሪ፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት ጥቅስ ያመጣልሻል። ከመነጋገራችሁ በፊት ግን የምታምኛትን አንዲት የቤተ ክርስቲያን እናት ወይም አንድ ሽማግሌ አማክሪ። ነገሩን መድረክ ላይ ወይም ጸሎት ቡድን ውስጥ ካወጣው፣ ትንቢትን አትናቁ ያለው ያው ጳውሎስ ሁሉን ፈትኑ ማለቱን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ፤ እነሱ ይነጋገሩት።

መጽሐፉን ጠረጴዛሽ ላይ ተዪው። ለእሱ ግን አታውሺው! እንዲገባው ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ግን የሚያየው ስድብ ብቻ ነው።

የቀረችው እናትሽ ናት። እሷ የምትከራከርሽ ስለ ራእዩ አይመስለኝም፤ 27 ዓመትሽን እየቆጠረች ነው። መልሱን ለወንጌላዊው ከመስጠትሽ በፊት እሷ ከአንቺ ትስማው፤ ከጎረቤት አፍ ከሰማችው ይብስባታል። ሰው በሌለበት ቀን ቡና አፍይላትና፣ ስለ እሱ ምንም ሳታነሺ፣ «እማዬ፣ ለእኔ የምትፈሪልኝ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ከዚያ ሦስተኛው እስኪወርድ ድረስ ዝም ብለሽ አዳምጫት። ምን እንዳለችሽ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለቀስሽም እንደዚሁ።